ውሻውን ከመመረዝ በፊት እንቁጠረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክቡር አዘጋጅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በከተማችን በጎንደር የእብድ ውሻ ወሬ በተሰማ ቁጥር ተመልሶ የሚነሣ አንድ ሐሳብ ነው። «የሰፈሩን ውሻ ሁሉ በመርዝ ጨርሶ መገላገል» የሚለው ይህ ሐሳብ በቡና ላይ ጨዋታም፣ በዕድር ስብሰባም፣ አልፎ አልፎም በኃላፊነት ቦታ ከተቀመጡ ሰዎች አንደበት ይደመጣል። እኔ ዕድሜዬን በሥነ ሕይወት መምህርነት ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ። ይህ መንገድ ለውሻው ጭካኔ ከመሆኑም በላይ ሰውን ከበሽታው እንደማያድነው አምናለሁ። የእንስሳት መብት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ በመሆኑ ክርክሩ ወዲያው «ከሕፃን ይልቅ ለውሻ ታዝናለህ» ወደሚል ይወርዳል፤ ስለዚህ እኔ ክብደቱን በሁለተኛው ላይ ላደርግ እወዳለሁ።

የበሽታውን ክፋት ለማሳነስ የሚሞክር ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ወገን አይደለሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው። በበሽታው ከተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል ከመቶ አርባ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊቱንና አንገቱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ቫይረሱ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል አንጎል የሚደርስበትም መንገድ ያን ያህል ያጥራል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የተነከሰ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጠበል ነው። ጠበልን አላቃልልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር የጠበሉን በረከት አይቀንሰውም። ክትባቱን የሚፈሩም ሰዎች አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ለአሥራ አራት ተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር፣ ያን ያየ ሰው መርፌውን ከበሽታው እኩል ቢፈራ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ፣ ክንድ ላይ የሚሰጥ የተሻለ ክትባት አለ። ይህን ማንሣቴ የሰውን ሕይወት ወደ ጎን ትቼ ስለ ውሻ የምከራከር እንዳይመስል ነው።

ወደ መርዙ ልመለስ። በአገራችን ከተሞች ውሻን ለማጥፋት ሲያገለግል የኖረው ስትሪክኒን የተባለው መርዝ ነው። ማታ በሥጋ ቁራጭ ውስጥ ተደርጎ በየመንገዱ ይጣላል፤ ሲነጋ ሬሳው ይሰበሰባል። መርዙ የሚሠራው በአከርካሪ ውስጥ ያለውን፣ ጡንቻ ከልክ በላይ እንዳይኮማተር የሚገታውን የነርቭ መልእክት በመዝጋት ነው። ስለዚህ የሰውነት ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገተራል፤ ትንሽ ድምፅ ወይም ንክኪ በተሰማው ቁጥር እንስሳው እንደገና ይንፈራገጣል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕሊናውን አልሳተም። የሚሞተው መተንፈስ አቅቶት፣ ታፍኖ ነው። ከዓመታት በፊት ሳሙና በር አካባቢ አንዲት ቡላ ውሻ በቦይ ዳር ወድቃ አይቻለሁ። ጀርባዋ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ አራቱም እግሮቿ ተገትረው፣ ከንፈሯ ተሸብሽቦ ጥርሷ ወጥቶ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ አንድ ልጅ ቦርሳውን አስቀምጦ ውኃ ሊያጠጣት የያዘውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲከፍት፣ የጠርሙሱ ድምፅ ብቻ ሰውነቷን እንደገና አንዘፈዘፈው። ልጁ ጉዳቱን ያመጣ እርሱ መስሎት ደንግጦ ቆመ። በውሻዋ አንገት ላይ የሲባጎ ገመድ ታስሮ ነበር።

ያ ሲባጎ አንድ ነገር ይነግረናል። በአፍሪካ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ በየመንገዱ የምናያቸውና ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉን ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። በእኛም ሰፈር ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ውሻው ቀን ታስሮ ይውላል ወይም በረንዳ ሥር ይተኛል፤ ሲመሽ ይፈታል፤ ሌሊቱን ከጅብም ከሌባም ደጁን ይጠብቃል፤ ንጋት ላይ በልኳንዳ ቤቱ ደጃፍ ዞር ብሎ ይመለሳል። መርዙ የሚያገኘው ይህንኑ ውሻ ነው። እንደ እኔ ትዝብት ሰው የለመደውና የተጣለለትን ሳይጠራጠር የሚበላው ቀድሞ ይሞታል፤ ሰው የሚሸሸው፣ ለክትባትም ለመያዝ የሚያስቸግረው ይተርፋል። ባለቤቱ ከኪሱ ከፍሎ ያስከተበውም ውሻ ካልተከተበው ጋር አብሮ ይጠረጋል። እንዲህ የተደረገበት ሰው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቡችላ ይዞ ለክትባት እንዲሰለፍ በምን አፍ እንጠይቀዋለን?

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የውሻን ብዛት በዋናነት የሚወስነው የሚበላው ነገር ነው። የሆቴሉ ትራፊ፣ የልኳንዳው አጥንት፣ ከየእርዱ የሚቀረው አንጀትና ቆዳ፣ በየቦዩ የሚደፋው ቆሻሻ ሁሉ ባለበት ሆኖ ውሻው ብቻ ሲነሣ፣ ለተረፉት ቀለቡ ይሰፋላቸዋል። ከሚወልዷቸው ቡችሎች የሚያድጉት ይበዛሉ፤ ከከተማው ዳርና ከገጠሩም ሌሎች ይገባሉ። ውሻው የሞተበት ሰውም ደጁ ባዶ እንዳይሆን ከዘመድ መንደር ቡችላ ያስመጣል። እነዚህ ሁሉ ያልተከተቡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም በሽታውን ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት የሚቆይ ነውና። በኢንዶኔዥያ ይህ በተግባር ታይቷል። በፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሽታው ሲገባ ውሻ በገፍ ተገደለ፤ በሽታው ግን ከደሴቲቱ አልጠፋም። በባሊም እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲከሠት የተያዘው መንገድ ይኸው የስትሪክኒን መንገድ ነበር፤ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በሽታው ደሴቲቱን አዳረሰ። በሰው ላይ የሚደርሰው ሞት መቀነስ የጀመረው በ2010 መላውን ደሴት ያዳረሰ የውሻ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ነው።

ክትባቱ የሚሠራበትን ምክንያት ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከሁሉ የሚያስገርማቸው ይህ ነበር። አንድ በኩፍኝ የተያዘ ሰው ባልተከተበ ሕዝብ መካከል ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ ይችላል። አንድ ያበደ ውሻ ግን ከመሞቱ በፊት በሽታውን የሚያስተላልፈው በአማካይ ከሁለት ላነሱ ውሾች ነው። ያን ያህል የሚያስፈራን በሽታ በውሾች መካከል ሲተላለፍ እጅግ ደካማ ነው ማለት ነው። ከአሥር ውሾች ሰባቱ ከተከተቡ የሚቀጥለውን ተቀባይ ያጣና ይቋረጣል። የላቲን አሜሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ተባብረው የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ሜክሲኮም በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ በማስወገድ የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ ያገኘች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። የተከተበ ውሻ በሕይወት መኖሩ ራሱ ለሰፈሩ አጥር ነው፤ እርሱን ስንገድል የምናፈርሰው ያንን አጥር ነው።

መርዙ በውሻውም ላይ አያበቃም። የተመረዘ ውሻ ሬሳ ቶሎ ካልተነሣ፣ ወይም የሥጋው ቁራጭ ሳይበላ ካደረ፣ ሌላ በላተኛ ያገኘዋል። ከእነዚህም አንዱ በእርድ ቦታዎች ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ማንም ጎንደሬ የሚያውቀው ጥንብ አንሳ ነው። በአገራችን ከሚገኙት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ውስጥ የሩፔል ጥንብ አንሳ የሚባለው ከእነርሱ አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመድቧል። ከወፎች ሁሉ ከፍ ብሎ በመብረር የተመዘገበው ይኸው ዝርያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እኛ ዘንድ ግን ስሙ ለስድብ ካልሆነ አይነሣም።

ጥንብ አንሳው ከእብድ ውሻ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ መልሱን የሰጠችው ሕንድ ናት። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሦስት ዝርያ ጥንብ አንሳዎች ቁጥር ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ ወደቀ። መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ተባለ፤ ሰውም አመነ። በ2004 የታተመው፣ በፓኪስታን የተካሄደ ምርመራ ግን ምክንያቱ ዳይክሎፌናክ መሆኑን አሳየ። እኛ ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ የምንገዛው መድኃኒት ማለት ነው፤ በዚያ ለታመመ ከብትም ይሰጥ ነበር። መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ እያለ የሞተውን ከብት የበላ ወፍ ኩላሊቱ ሥራ ያቆምና ይሞታል። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች፤ በመካከሉ ግን ወፎቹ ይጨርሱት የነበረው ጥንብ ለውሻ ተረፈ። ውሻው በዛ፤ ንክሻውም በዛ፤ ተመራማሪዎች እንደገመቱት በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞተውም ሰው በብዙ ሺህ ጨመረ። ጥንብ አንሳን የሚገድል የውሻ መርዝ ውሎ አድሮ ውሻን የሚያበዛ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሩፔል ማን እንደነበረ በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ተገቢ ይመስለኛል፤ የእርሱ ታሪክ ከጎንደር ጋር የተያያዘ ነውና። ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ከተማ ተወላጅ የሆነ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜን ተራሮች በኩል አቋርጦ ጎንደር ገብቶ ተቀምጧል። ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮንና ጉሬዛን ከ1835 እስከ 1840 ባሉት ዓመታት በሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው እርሱ ነው። አባቶቻችን ለሺህ ዓመታት የሚያውቋቸው እንስሳት ያኔ ለዓለም አዲስ ሆኑ። የዚያን ዘመን ጥናት መሣሪያው ግን ጠመንጃ ነበረ። እንስሳው ተገድሎ፣ ቆዳውና አጥንቱ ተጭኖ ወደ አውሮፓ ሙዚየም ይሄድ ነበር፤ ቁመቱና ጥርሱ ይለካ ነበር እንጂ ምን በልቶ፣ ከማን ጋር ኖሮ፣ ልጁን እንዴት እንዳሳደገ ከቆዳው ሊነበብ አይችልም። ሩፔልን በዘመኑ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል፤ ቢሆንም እኛ በእኛ ዘመን ስለ ውሻ ያለን ዕውቀት ከእርሱ ዘመን አለመሻገሩ ያሳፍራል፤ ዛሬም በሪፖርት የምንመዘግበው የተገደለውን እንጂ በሕይወት ያለውን አይደለምና።

ሳይገድሉ፣ ታግሦ በመመልከት የሚገኘው ዕውቀት ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃኛል። በመንዝ ጓሳ ጭላዳዎችንና ቀይ ቀበሮዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ በእርጋታ እየተራመደ አይጥ እንደሚያድን፣ የጭላዳዎቹንም ግልገሎች እንደማይነካ ገልጸዋል። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው የሚሳካለት አንዱ ሲሆን፣ በመንጋው መካከል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹም እርሱን ሲያዩ አይሸሹም፤ ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደል ይሮጣሉ። ይህን ከሙዚየም ቆዳ ማን ያገኘው ነበር?

የቀይ ቀበሮው ነገር ከተነሣ አይቀር፣ የከተማና የገጠር ውሻ ጉዳይ በእርሱም ላይ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ወደ 500 ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ገደለ፤ ምንጩም የቤት ውሻ ነው። የዚያን ጊዜ ስርጭቱ የቆመው ባለሙያዎች በአጎራባች ሸለቆዎች ያሉትን ቀበሮዎች በወጥመድ እየያዙ በመከተብ ነው። በስሜን ተራሮች ያለው ቀበሮ ከባሌው በቁጥር እጅግ ያነሰ በመሆኑ እንዲህ ያለ አንድ ክፉ ዓመት ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ የእረኛ ውሾች ከመንጋ ጋር ሲወጡ ሲወርዱ ያየ ሁሉ አደጋው የት እንዳለ ይገባዋል። እረኛው ውሻውን ትቶ እንዲወጣ ልንጠይቀው አንችልም፤ በጎቹን ከነብርና ከተኩላ የሚጠብቅለት እርሱ ነውና። ልናደርገው የምንችለው ውሻውን መከተብ ነው።

እንግዲህ «ምን ይደረግ ትላለህ?» ለሚለኝ፣ አስቀድሞ ይቆጠር እላለሁ። ዘዴው ከባድ አይደለም፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። በአንድ ቀበሌ በዘመቻ የሚከተብ ውሻ ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ወይም ለከብት ምልክት ማድረጊያ በሚያገለግለው ቀለም ጀርባው ላይ ይቀባል። በማግስቱ ንጋት፣ መንገዱ ገና በሰው ሳይሞላ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱ ሰዎች በተወሰነ መስመር እየዞሩ ያገኙትን ውሻ ሁሉ ባለ ጨርቅና ጨርቅ የሌለው እያሉ ይመዘግባሉ። ሃምሳ ውሻ ታይቶ ሠላሳ አምስቱ ጨርቅ ካላቸው ከመቶ ሰባው ተከትቧል ማለት ነው፤ ሃያው ብቻ ከሆኑ ግን ሥራው አልተጠናቀቀምና ወደዚያው ቀበሌ መመለስ ያስፈልጋል። ከዚሁ መዝገብ በቀበሌው በጠቅላላው ምን ያህል ውሻ እንዳለም ማስላት ይቻላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ሂሳብ ነው። ቡችሎችም «ገና ናቸው» ተብለው መታለፍ የለባቸውም። በመንገድ የሚኖር ውሻ ዕድሜው አጭር ስለሆነ፣ ዘንድሮ የተከተበው ሞቶ በቦታው ያልተከተበ ቡችላ ይተካልና ዘመቻው በየዓመቱ መደገም ይኖርበታል።

ለዚህ የሚሆን ሰው ከሌላ ቦታ መጥራት አያስፈልገንም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ በዚሁ በሽታ ላይ ጥናት ያካሄዱ መምህራንም አሉት። በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበባት አሉ፤ ልጆቹም ከአዘዞ እስከ ወለቃ ያለውን መንደር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ የትኛው ውሻ የማን እንደሆነም ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በእርግጥ ልጆቹ መዝጋቢ እንጂ ያዥ መሆን የለባቸውም፤ ውሻ መያዝ የተከተበና የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ጊዜውንም ቢሆን ክረምቱ ሲወጣ ማድረግ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 የሚውል ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል በዓል ማግስት ነው። ቤተሰብ ሁሉ ከቤቱ የሚገኝበት፣ የበዓሉም አጥንት ውሻውን ከደጅ የማያርቅበት ሰሞን ነው። ውሻን ማምከንም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና በመሆኑ ወጪውና የሚጠይቀው የባለሙያ ጊዜ ብዙ ነው። በሽታውን የሚያቆመው ክትባቱ ስለሆነ ያለችን ጥቂት ገንዘብ አስቀድማ እዚያ ብትውል እመርጣለሁ።

የነከሰ ውሻን በተመለከተም የተለመደው ችኮላ ይጎዳናል። ውሻ በምራቁ ቫይረሱን ማስተላለፍ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የነከሰው ውሻ ታስሮ ለ10 ቀናት ቢጠበቅና በጤና ቢቆይ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ተነካሹም ቀሪውን ክትባት ላያስፈልገው ይችላል። በዱላ ቀጥቅጠን ስንገድለው ይህን ማወቂያ አብረን ገደልነው። የተነከሰው ሰው ግን የውሻውን መጨረሻ ሳይጠብቅ ክትባቱን መጀመር አለበት። ማበዱ የታወቀውን ውሻ በተመለከተ፣ በእንስሳት ሐኪም እጅ ሳይሠቃይ ቶሎ እንዲሞት መደረጉን አልቃወምም፤ እንዲያውም ለእርሱም ለሰውም ርኅራኄ ነው። በዚህ ጉዳይ «አንድም ውሻ አይነካ» ከሚሉት፣ ትራፊ ሲያበሉ የተነሡትን ፎቶግራፍ ከማሳየት አልፈው የአንድ ውሻ ክትባት ከማይከፍሉት የእንስሳት ወዳጆች ጋር አልስማማም። ሳያስከትቡ ማብላት ያልተከተበ ውሻ ማብዛት ነው።

«ሰው በተቸገረበት አገር ለውሻ ገንዘብ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ሂሳቡ ግን የሚያደላው ወደ እኔ ነው። ለአንድ ውሻ የሚወጣው የክትባት ዋጋ አንድን የተነከሰ ሰው ለማከም ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው፤ ተነካሹ ከገጠር የመጣ ከሆነ ደግሞ የመጓጓዣው፣ የማደሪያውና የባከነው የሥራ ቀን ይጨመርበታል። ለመርዙና ሬሳ ለሚሰበስበው መኪና የሚወጣውም ገንዘብ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም።

ለእንስሳ ማሰብ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለውን ግን ጨርሶ አልቀበለውም። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ በመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፏል፤ ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ በማጠጣቱ ኃጢአቱ የተማረለት ሰው ታሪክም በሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። በፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ያለችው ትንሽ ሕንጻ ዞብል የተባለው የንጉሥ ፈረስ መቃብር እንደሆነች ለልጆቻችን የምንነግረው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ጮኾ ያዘጋው ማንም ከውጭ ቀስቅሶት አይደለም፤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የአህያ ቆዳ ንግድን ለማገድ የወሰኑት ከዚያ በኋላ፣ በ2024 ነው። አህያን ከቆዳ ነጋዴ ያስጣለ ሕዝብ ለውሻ ሲሆን ስትሪክኒን የሚታገሠው በጭካኔ አይመስለኝም፤ ሌላ መንገድ መኖሩን የነገረው ስለሌለ ነው።

ይህን በመንገር በኩል ጋዜጣችሁ ሊረዳ ይችላል። ከየትኛውም ከተማ «ይህን ያህል ባለቤት አልባ ውሻ ተወገደ» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ፣ ቁጥሩን እንዳለ ከማተማችሁ በፊት ሪፖርተራችሁ ጥቂት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ፦ ከዚያ በፊት በከተማው ስንት ውሻ ነበረ፤ ማን፣ በምን ዘዴ ቆጠረው፤ ከተገደሉት ውስጥ የተከተቡት ስንት ነበሩ፤ ሬሳው የት ተቀበረ፤ በተከታዩ ዓመትስ በከተማው የተነካሹ ቁጥር ወደየት ሄደ? የሚሰጠውን መልስ ከመግለጫው ጎን አትሙልን፤ መልስ ካልተገኘም አለመገኘቱን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ጎንደር
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል።